ጋምቤላ (ከተማ)

ጋምቤላ በምዕራብ ኢትዮጵያ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ስትሆን የጋምቤላ ሕዝቦች ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 526 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከሱዳን ካርቱም በእንፋሎት መርከብ የሚደረስባት የወንዝ ወደብ ነበረች። ባሮ በኢትዮጵያ ካሉት ወንዞች ውስጥ ለመደበኛ የንግድ መርከብ ጉዞ ያገለገለ ብቸኛው ወንዝ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችውም ለዚሁ ወንዝ ስትባል ነው። ዛሬ መርከቦቹ ባይኖሩም እርሻው፣ ዓሣው፣ ጎርፉና የጉዞው ወቅት አሁንም የሚወሰኑት በባሮ ሙላትና ጉድለት ነው።

አቀማመጥ

ጋምቤላ የምትገኘው የጃጃቤ ጅረት ከባሮ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ከተማዋ ከኢሉባቦር ደጋ ግርጌ፣ ሜዳው ወደ ደቡብ ሱዳን መዘርጋት ከሚጀምርበት አካባቢ ናት። ከምሥራቅ በኩል ጎሬ 2,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ በአጭር ርቀት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ያደርሳል። ይህ የኢሉባቦሩ ቡሬ በጎጃም ካለው ቡሬ ጋር መምታታት የለበትም።

የከፍታው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ከጎጃም ደጋ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ትገኛለች። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 1,920 ሜትር ልዩነት ብቻውን የ12 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ያመጣል።

አየር ንብረት

የከተማዋ አየር ንብረት ቆላማ ሲሆን ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። በጣም የሚሞቀው ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ በነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ዋናው ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅና በአንጻራዊነት ቀዝቀዝ ያለ ነው።

የባሮ ወንዝ

ባሮ የሚፈጠረው ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት የብርብርና የገባ ወንዞች ሲገናኙ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ 306 ኪሎ ሜትር ያህል ፈስሶ ከፒቦር ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የታችኛው ክፍሉ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ድንበር ነው። ባሮና ፒቦር ሲገናኙ ሶባት የተባለውን ወንዝ ይፈጥራሉ፤ ሶባትም ወደ ነጭ አባይ ይገባል።

ነጭ አባይ በደቡብ ሱዳን የሱድ ረግረግ ውስጥ ሲያልፍ ግማሽ ያህሉን ውኃ በትነት ያጣል። ከረግረጉ ከወጣ በኋላ የሚያጠናክረው ሶባት ሲሆን፣ አብዛኛው የሶባት ውኃ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣ ነው። በደብረ ኤልያስ ወረዳ ደቡባዊ ወሰን በኩል የሚያልፈው የአባይ ውኃና በጋምቤላ ድልድይ ሥር የሚያልፈው የባሮ ውኃ በተለያየ አቅጣጫ ከአገር ወጥተው ካርቱም ላይ ይገናኛሉ።

የሁለቱ ወንዞች ጠባይ ግን የተለያየ ነው። አባይ በጎጃም ዙሪያ የሚጓዘው በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ለጀልባ አይመችም። ባሮ ግን ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ላይ ስለሚወጣ ፍሰቱ ይረጋጋል፤ በክረምት ውኃው ሲሞላም መርከብ ይሸከማል። በበጋ ውኃው ስለሚጎድል አሸዋው ይወጣል፤ ትልልቅ መርከቦችም መጓዝ አይችሉም። የወደቡ ታሪክ በሙሉ በዚህ የወቅት ገደብ ውስጥ ያለፈ ነው።

ታሪክ

የ1894 ዓ.ም. ውል

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (ሜይ 15 ቀን 1902 እ.ኤ.አ.) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚወስን ውል ተፈራረሙ። ይህ ውል ይበልጥ የሚታወቀው በአባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ በሚለው 3ኛ አንቀጹ ነው። ቀጥሎ ያለው 4ኛ አንቀጽ ደግሞ ስለ ጋምቤላ አካባቢ ይናገራል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ምኒልክ በባሮ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። የቦታው ስፋት ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳርቻውም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተከለከለ። ኪራዩ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር።

ውሉ ኢታንግን ቢጠቅስም በመጨረሻ የተመረጠው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ለደጋው ይበልጥ የሚቀርበው ጋምቤላ ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው በዚያ ተቋቋሙ።

የመርከቦቹ ዘመን

ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ያለው የወንዝ መንገድ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። የሱዳን ምድር ባቡር ድርጅት የሚያስተዳድራቸው መርከቦች በዝናቡ ወራት በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። ወደ ታች ሲሄዱ 7 ቀን፣ ወደ ላይ ሲመጡ ደግሞ 11 ቀን ይፈጅባቸው ነበር።

ከደጋው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በአጋሰስና በሸክም ወደ ወደቡ ይወርዳል። በመርከብ የሚመጣው ጨው፣ የጥጥ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ደግሞ ወደ ጎሬና ወደ ሳዮ (ደምቢ ዶሎ) ይወጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በዚህ ንግድ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በኪራይ ቦታው ውስጥ የሱዳን መንግሥት ሹም ተቀምጦ ያስተዳድር ስለነበር፣ ጋምቤላ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሆና በከፊል በሱዳን የምትተዳደር ቦታ ነበረች።

በዚያው ዘመን በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝ ዳር ከተሞች በተመሳሳይ መንገድ አድገዋል። የፔሩዋ ኢኪቶስና የብራዚሏ ማናውስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንፋሎት መርከብና በጎማ ንግድ በለጸጉ፤ የእስያ የጎማ እርሻዎች ገበያውን ሲወስዱባቸው ግን ተዳከሙ። ኢኪቶስ እስከ ዛሬም ከሌላው የፔሩ ክፍል ጋር በየብስ መንገድ ስላልተገናኘች የሚደረስባት በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው። በጋምቤላ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መንገዱ ሲመጣ መርከቡ ቀረ።

የጣሊያን ወረራና ጦርነቱ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ የመንግሥቱ ቀሪ መቀመጫ ጎሬ ሆነ። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከጦራቸው ጋር ወደዚያ ሄዱ። ጎሬ በጋምቤላ በኩል ከሱዳን ጋር የምትገናኝ መሆኗ ለምርጫው ክብደት ሰጥቶታል። በደብረ ኤልያስ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ከራስ እምሩ ጋር ከዘመቱት አንዱ ነበሩ። ጦሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጁን ሲሰጥ ሐዲስ ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወስደዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአኙዋክንና የኑዌርን አኗኗር ያጠናው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በድንበሩ አካባቢ የአኙዋክ ተዋጊዎችን አሰልፎ ጣሊያኖችን ወግቷል። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣው ጦር ጋምቤላን ከጣሊያን አስለቀቀ። ከዚያም ወደ ሳዮ ወጥቶ በክረምቱ መግቢያ የጣሊያኑን ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራን እጅ አሰጠ።

የወደቡ መዘጋት

ሱዳን ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. (ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም.) ነጻ ስትወጣ በውሉ የተጠቀሰው የኪራይ ዘመን አበቃ። የኪራይ ቦታውም በዚያው የአውሮፓ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ንግዱ ግን ከዚያ አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር። የጅቡቲ ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። በጣሊያን ዘመንና ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ የተሠሩት የመኪና መንገዶችም የደጋውን ቡና ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ አዞሩት። ዓመቱን ሙሉ ከሚሠራ መንገድ ጋር የክረምት ወደብ መወዳደር አልቻለም። በደቡብ ሱዳን የተነሡት የእርስ በርስ ጦርነቶች ደግሞ የወንዙን መንገድ አደገኛ አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ

ጋምቤላ ለረጅም ጊዜ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ የደርግ መንግሥት ከሰሜንና ከሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ብዙ ሺህ ሰዎችን በሰፈራ ወደ አካባቢው አመጣ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጋምቤላ ከፌዴሬሽኑ ክልሎች አንዷ ሆነች።

የቅርብ ጊዜ ታሪኳ ከባድ ሐዘንም አለበት። ከታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ታጣቂዎች ወደ ከተማዋ ገብተው ከመንግሥት ኃይሎች ጋር ተዋግተዋል። በዚያው ዓመት ክረምት መጨረሻ ባሮ ከዳርቻው አልፎ የከተማዋን ክፍሎችና የክልሉን ወረዳዎች በማጥለቅለቁ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል።

ሕዝብና አኗኗር

በ1999 ዓ.ም. (2007 እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 39,022፣ የክልሉ ነዋሪ ደግሞ 307,096 ነበር። የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች አኙዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ ናቸው። ከነሱ በተጨማሪ ከደጋ የመጡ አማሮች፣ ኦሮሞዎች፣ ትግሬዎች፣ ከምባታዎችና ሌሎችም ይኖራሉ። የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

አኙዋኮች በብዛት በወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በዝናብ ከሚዘሩት በተጨማሪ፣ ጎርፉ ሲሸሽ ርጥበቱን ይዞ በሚቀረው የወንዝ ዳር ደለል ላይ በቆሎና ማሽላ ያበቅላሉ። ኑዌሮች በይበልጥ ከብት አርቢዎች ስለሆኑ በክረምት ከጎርፉ ወደ ከፍታ ቦታ፣ በበጋ ደግሞ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይጠጋሉ። ስለዚህ የውኃው መሙላትና መጉደል ለአንዱ የእርሻ፣ ለሌላው የግጦሽ ቀን መቁጠሪያ ነው። ሁለቱም የሚጠጉት ወደ አንድ ወንዝ ዳር በመሆኑ፣ መሬትና ግጦሽ በሕዝቦቹ መካከል ለተነሡ ግጭቶች አንዱ ምክንያት ሆኗል።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ስደተኞች ወደ ክልሉ ገቡ። ቁጥራቸው ከ300,000 በላይ በመድረሱ በቆጠራው ከተመዘገበው የክልሉ ነዋሪ ቁጥር ጋር ተቀራርቧል። ከመጠለያዎቹ አንዱ ጀዊ ለከተማዋ ቅርብ ነው።

ደንና የዱር አራዊት

የጋምቤላ ስም ብዙ ጊዜ ከጥቅጥቅ ደን ጋር አብሮ ይነሣል። ሆኖም በከተማዋ ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው ረጃጅም ሣር፣ የተበታተነ ዛፍና ረግረግ ነው። እውነተኛው የዝናብ ደን ያለው ከከተማዋ በስተ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ ነው። በክልሉ ውስጥ የሚገኘው የመዠንግ ደን በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። በአጎራባች ክልሎች ያሉት የሸካና የያዩ ደኖችም ተመሳሳይ እውቅና አላቸው። የያዩ ደን የዱር ቡና ዝርያ ያለበት ነው። እነዚህ ደኖች ዝናቡን ይዘው ቀስ በቀስ ወደ ወንዞቹ ስለሚለቁ፣ የባሮ የበጋ ውኃም የክረምት ጎርፍም ከደኖቹ ህልውና ጋር የተያያዘ ነው።

የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በ1974 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። በመጀመሪያ ስፋቱ 5,061 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በፓርኩ ውስጥ ነጭ ጆሮ ቆርኬ፣ የናይል ሌቸዌ፣ ዝሆንና ጎሽ ይገኛሉ፤ በረግረጉ ውስጥ ሹቢል የተባለው ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ ይታያል። ነጭ ጆሮ ቆርኬ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ መካከል በየዓመቱ በመንጋ ይፈልሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን በኩል ከአየር ላይ በተደረገ ቆጠራ ከዚህና ከሌሎች ሦስት የእንስሳት ዝርያዎች 6 ሚሊዮን ያህል እንደሚፈልሱ ተገምቷል፤ ይህም በዓለም ትልቁ የየብስ አጥቢ እንስሳት ፍልሰት ነው ተብሏል። ለሰፋፊ እርሻ የተሰጠ መሬት፣ ሕገ ወጥ አደንና የሰፈራ መስፋፋት የአራዊቱን መኖሪያ ያጠብባሉ።

ጉዞና ጉብኝት

ወደ ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይገኛል። በመኪና የሚሄድ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ይወርዳል፤ ይህ ጉዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎጃም ለሚነሣ ሰው በካርታ ላይ አጭሩ መንገድ ከጎጃሙ ቡሬ አባይን ተሻግሮ በነቀምቴና በደምቢ ዶሎ የሚያልፈው ነው። ነገር ግን በዚህ መስመር የጸጥታ ችግር ስለሚያጋጥም፣ ከመነሣት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

ለጉዞ ምቹ የሆነው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ የገጠር መንገዶችም ይደርቃሉ። ባሮን ሞልቶ ለማየት የሚፈልግ በክረምት ቢሄድ ይሻላል፤ ሆኖም በዚያ ወቅት ወደ ፓርኩና ወደ ወረዳዎቹ የሚወስዱት መንገዶች በጭቃና በጎርፍ ይዘጋሉ።

በከተማዋ ውስጥ ዋናው የሚጎበኘው ወንዙ ራሱ ነው። በዳርቻው የማንጎ ዛፎች አሉ። ጠዋትና ማታ ዓሣ አጥማጆች በግንድ ታንኳ ሲሠሩ ይታያሉ፤ ከሚያጠምዷቸው ትልልቅ ዓሣዎች አንዱ ናይል ፐርች ነው። በገበያው ዓሣ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ማንጎ ይሸጣሉ። የባሮ ድልድይ የከተማዋ ታዋቂ ምልክት ቢሆንም፣ ድልድይ ወይም የመንግሥት ተቋም ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ሰዎችን ለማንሣትም እንዲሁ አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል።

የነዋሪዎቹን ምክር ሳይሰሙ ወደ ወንዙ መግባት አደገኛ ነው። በባሮ አዞ አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል ጋምቤላ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተገድሏል። ነዋሪዎች የሚታጠቡባቸውና ውኃ የሚቀዱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ሆኖም የአዞ ሥጋት ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለዋወጥ ትናንት ደኅና የነበረ ቦታ ዛሬም ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ሌላው ዋና ሥጋት ወባ ነው። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት በአብዛኛው የወባ መተላለፊያ ነው፤ ጋምቤላም በጣም ከሚጠቁት አካባቢዎች አንዷ ናት። በደጋ ያደገ ሰው ለበሽታው የዳበረ የመከላከል አቅም ስለሌለው ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሮ የመከላከያ መድኃኒት መጀመር፣ በአጎበር ውስጥ መተኛትና ምሽት ላይ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ያስፈልጋል። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢነሣ፣ በደጋ ከተማ ሆነውም ቢሆን፣ ጋምቤላ ሄደው እንደነበር ለሐኪም መንገር ይገባል። ወባ የሌለበት አካባቢ የሚሠራ ሐኪም ይህን ካልተነገረው በሽታውን ላይጠረጥር ይችላል።

ከከተማዋ ውጭ የሚጓዙ ሰዎች ወደ ፓርኩ፣ ወደ ኢታንግ ወይም ወደ አቦቦ ከመሄዳቸው በፊት ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች ስለ ጸጥታውና ስለ መንገዱ ሁኔታ መጠየቅ አለባቸው። አቦቦ አካባቢ በደርግ ዘመን የተሠራው የአልዌሮ ግድብ ይገኛል። ወደ ስደተኞች መጠለያ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ደግሞ ይዩ

ባሮ ወንዝ
ሶባት ወንዝ
ኢታንግ
ጎሬ
የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ
አኙዋክ
ኑዌር